ስለ ጋቢናው ወንበርና ስለ ጣራው ጆንያ

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ዘወትር የሚወጣው ጽሑፍ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ሰሊጥና ስለ ቡና ዋጋ፣ በወደብም ስለሚከማች ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉዳዩ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማንስ በሳንቃ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ስለ ጭነቱም ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል ነው። አንዳንድ አንባቢዎች «ይህ የረዳትና የተራ አስከባሪ ወሬ ነው እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም» እንደሚሉ አስቀድሜ አውቃለሁ። ብዕሬን ያነሣሁት ግን ጉዳዩ የነጋዴ መሆኑን፣ ይልቁንም ከጥፋቱ እኛው ነጋዴዎች ከፍ ያለ ድርሻ ያለን መሆናችንን ለማስረዳት ነው።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ከጎንደር ሽቅብ ወጥቶ አምባ ጊዮርጊስን ያልፋል፤ የወገራን ደጋ እያቋረጠ ዳባት ይደርሳል፤ ከዚያም ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ በድንገት ያልቅና የሊማሊሞ መንገድ ቁልቁል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። በቀድሞው አከፋፈል ዳባት የወገራ አውራጃ፣ ደባርቅ ደግሞ የሰሜን አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩ፤ ዛሬ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ከተማና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ነው። ከዚህ ደጋ ወደ ጎንደር የሚወርደው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በግና ቅቤ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደጋው የሚወጣው ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ምስማርና ቆርቆሮ ነው። ትልቁን ጭነት አይሱዙ ያመላልሰዋል። ትንሹን ንግድ፣ ማለት የባለ አንድና የባለ ሁለት ጆንያውን፣ የሚያመላልሰው ግን ሰው የሚሳፈርበት ሚኒባስና ቅጥቅጥ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ተሳፋሪና ነጋዴ ብሎ መለየት ያስቸግራል፤ ከተሳፋሪው ብዙው ከእግሩ ሥር ወይም ከራሱ በላይ የሚሸጥ ነገር ይዟል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ይቆማል። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። እውነት መስሎት የገባ ሰው መኪናው ሞልቶ ያገኘዋል፤ ወንበር ይዘው ከተቀመጡት ግማሾቹ ግን የተሳፋሪ መልክ ይዘው የሚያሟሙቁ የተራው ልጆች ናቸው። እውነተኛው ተሳፋሪ በገባ ቁጥር እነሱ አንድ በአንድ እያዛጉ ይወርዳሉ፤ ሁለት ሰው ብቻ የቀረው የተባለውም መኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይነሣል። መስኮትማ የሚከፈት ነገር አይደለም። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ጣት ያህል የከፈተ ሰው ከአራት ማዕዘን «ዝጋው፣ ምች ልታስመታን ነው» ይባላል፤ የቅቤው፣ የነዳጁና የጫማው ሽታ በአንድነት ሲታፈን አንድ ሕፃን ፌስታል ይጠየቅለታል። እኔ በመስኮት ጉዳይ ከከፋቾች ወገን ነኝ፤ እስከ ዛሬም አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፌ አላውቅም። የመልስ ገንዘብ ደግሞ «ዝርዝር የለኝም፣ ስትወርዱ» ተብሎ ይቆያል፤ ባለ ገንዘቡ ሲወርድ ረዳቱ ከጣራ ላይ ነው።

ይህን የመሰለው ችግር ለሁሉም እኩል የሚደርስ ስለ ሆነ ሰው ይስቅበታል፤ ወደ ቤቱም ሲገባ ለቤተ ሰቡ ያወራዋል። እኔን ያስጨነቀኝ እኩል የማይደርሰው ነው።

አንድ ማለዳ በደባርቅ ከአንድ ደንበኛዬ ያልተሸጠለትን ሁለት ካርቶን የባትሪ ድንጋይ ተረክቤ ወደ ጎንደር ለመመለስ መኪና ያዝሁ። ስደርስ በጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ከሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው እንደ ነበሩ ኋላ ሰማሁ። ረዳቱ ዕድሜው ከልጅ ልጃቸው የማይበልጥ ነው። እኔን ኮትና ባርኔጣ ለብሼ ባየ ጊዜ በሩን ከፍቶ ሽማግሌውን፣ «አንተ፣ ውረድ፤ ይህ የተያዘ ነው፤ ከኋላ ግባ» አላቸው። ወደ እኔም ዘወር ብሎ «ይግቡ ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው የያዝሁት» አለኝ። እኔ ወንበር አላስያዝሁም ነበር። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ወረዱ፤ እኔም ምንም ሳልናገር ገባሁ።

ጭነቱ ላይ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሽማግሌው ሁለት ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነበራቸው። ጆንያዎቹ ወደ ጣራ ሲወጡ ለእያንዳንዱ የሰው ሒሳብ ያህል ተጠየቁ። «ልጄ፣ ሽንኩርት ወንበር ይዞ ይቀመጣል ወይ? እንዴት ከእኔ እኩል ይከፍላል?» ሲሉ ሰማኋቸው። ረዳቱ «ካልፈለግህ አውርደው» አለ። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ከፈሉ። የእኔ ሁለት ካርቶኖች ጣራም አልወጡም፤ ከጋቢናው ጀርባ ካለው ወንበር ፊት ስለ ተደረደሩ በዚያ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች እስከ ጎንደር ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ሄዱ። ሒሳቡን ስጠይቅ «ግድ የለም ጋሼ፣ እርስዎማ ቤተኛ ነዎት» ተባልሁ። መኪናውን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም።

መንገድ ከጀመርን በኋላ በየመንደሩ እየተቆመ፣ ከወንበር ወደ ወንበር ሳንቃ እየተጋደመ ትርፍ ሰው ተጨመረ። አንድ ስፍራ ስንደርስ ከፊታችን የመጣ መኪና በመብራቱ ምልክት ሰጠ። ሾፌሩ «ትራፊክ አለ» አለ፤ ረዳቱም «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!» ብሎ አዘዘ። ዝቅ ያሉት እነማን እንደ ሆኑ በመስተዋቱ ተመለከትሁ። ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴትና ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ሙሉ ዋጋ ከፍለው እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ተሸሸጉ። ፖሊሱ ወደ ጋቢናው መስኮት መጥቶ እኔን እጅ ነሣኝ፤ የሾፌሩን ወረቀት አይቶ መለሰ፤ አሰናበተንም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ረዳቱ ያከበረኝ እኔን ወድዶ አልነበረም። ከፊት የተቀመጠ ኮት ለባሽ ከኋላ ለሚጫነው ትርፍ መሸፈኛ ነው፤ እንደ ታርጋና እንደ ፈቃድ ወረቀት ያገለግላል። የካርቶኖቹ ኪራይ የቀረልኝም ስለዚሁ አገልግሎት ነበር፤ ሳላውቀው ደመወዜን ተቀብያለሁ።

በቋንቋችን ሰውን ለማክበርም ሆነ ለመናቅ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «አንቱ» እና «አንተ» ይበቃሉ። በጎንደር አገር ታላቅን «አንቱ» ማለት ከእናት ጓዳ ይዞት የሚወጡት ሥርዓት ነው። ያ ረዳት ራሱ እኒያን ሽማግሌ በመንደሩ፣ በሰንበቴ ወይም በለቅሶ ቤት ቢያገኛቸው ኖሮ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አንቱ ይቀመጡ» ይላቸው ነበር። ከመኪናው አጠገብ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ዕድሜ ይቀርና ልብስ ይመዘናል። ጋቢ የለበሰ የሰባ ዓመት አዛውንት «አንተ» ይባላል፤ ጃኬት የለበሰ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ «እርስዎ» ይባላል። ተራሮቹን ለማየት የመጣ ፈረንጅ ቦርሳውን አዝሎ ወደዚህ መኪና የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ የፊት ወንበርና የእጥፍ ዋጋ በአንድ ላይ ይቀርብለታል። እንግዲህ ከታሪፍ በላይ የሚከፍሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች መሆናቸው ነው፤ አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ሁለተኛው ከኮረብታው ማዶ የመጣው። በልኩ የሚከፍለው በመካከል ያለው ከተሜ ነው፤ እንደ እኔ ያለው ከነጭራሹ ስለ ጭነቱ አይከፍልም።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ በእግሩ የሚከተል አሽከር ነበር፤ የበቅሎዋ ሰጋርነትና የኮርቻው ጌጥ የጌታውን ማዕርግ ይናገር ነበር። መኪና ሲመጣ ኮርቻው ወደ ጋቢና ተዛወረ። ሊማሊሞን የመኪና መንገድ አድርገው የሠሩት ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ቅፍለት ያን ገደል የሚወጣው በጠባብ የእግር መንገድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በሊማሊሞ በኩል ነው። ቅፍለቱም የራሱ አለቃ ነበረው፤ ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ የመጣው ከዚሁ ነው።

ንቀትንማ እኛ ነጋዴዎች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። በቀድሞው ዘመን በመኳንንቱም ሆነ በአራሹ ዘንድ ንግድ የተከበረ ሥራ አልነበረም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 ዓ.ም.፣ በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር፤ የከተማውን የሩቅ ንግድ በብዛት ይዘው የነበሩትም እነሱ ነበሩ። ያን ሙያ የወረስን ሰዎች ዛሬ የፊት ወንበር ስለ ደረሰን ከኋላ ያለውን ሰው በመስተዋት ብቻ ማየት ጀምረናል።

ማዕርግ ያለው ጉዞ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕርግ ነበረው። ዛሬም አገር አቋራጭ አውቶቡሶች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብለው ይከፈላሉ፤ ዋጋቸውም እንደ ደረጃቸው ይለያያል። ገንዘብ ያለው በተሻለ ወንበር ቢሄድ የሚከለክለው የለም፤ ዋጋው አስቀድሞ ታውቋል፤ የከፈለ ይቀመጥበታል። በአዲስ አበባም ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ ማለዳና ማታ ረጅም ሰልፍ ይይዛል፤ እዚያ ሰልፍ ውስጥ የቢሮ ኃላፊው ከቀን ሠራተኛው ኋላ ሲቆም ማንም አይደነቅም፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይገባል። በእኛ መንገድ ያለው ማዕርግ ከነዚህ ከሁለቱም አይደለም። በገንዘብ አልተገዛም፤ በመቅደምም አልተገኘም። ረዳቱ አንዴ ከእግር እስከ ራስ አይቶ የሚሰጠው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ አንባቢዎቼ ከሁሉ ይልቅ የሚሰሙት ሒሳብ ነውና።

ሁለት ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ይዞ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርድ ገበሬ በራሱ እጅ ሲሸጥ የሚያገኘውን ብልጫ ያሰላል። ከዚህ ላይ የራሱን መሳፈሪያ፣ የጆንያውን ሒሳብ፣ ለጫኝና ለአውራጅ የሚሰጠውን፣ የዋለበትን ቀን ይቀንሳል። የጆንያው ሒሳብ በታወቀ መጠን ቢሆን ኖሮ ቀንሶ ትርፉን ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን የታወቀ አይደለም፤ ማለዳ አንድ ነው፣ ከረፋድ በኋላ ሌላ ነው፤ ለጋቢ ለባሽ አንድ ነው፣ ለኮት ለባሽ ሌላ ነው። ዋጋው በማይታወቅ መንገድ ዕቃ መላክ ምን ማለት እንደ ሆነ አስመጪዎች ታውቁታላችሁ፤ የወደብ ክፍያ እንዲህ ቢቀያየርባችሁ ኖሮ በማግሥቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ትጽፉ ነበር። ገበሬው ደብዳቤ አይጽፍም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ሳምንት ሽንኩርቱን እዚያው በመንደሩ ለደላላ መስጠት ነው። ደላላው ከብዙ ሰው ሰብስቦ በአይሱዙ ያወርደዋል። ለገበሬው ዋጋው ይወርድበታል፤ ለጎንደሯ እመቤት ግን አይወርድላትም፤ መካከሉ ሰፋ ማለት ነው።

ከዚህም የባሰው ለባለ ሱቁ የሚደርሰው ነው። ሽንኩርቱን በጎንደር የሸጠ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ለልጁ ደብተርና ጫማ፣ ለሚስቱ ነጠላ፣ ለቤቱ ምስማር፣ ሲሞላለትም ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ገዝቶ ይወጣ ነበር። ሽንኩርቱን በመንደሩ የሸጠ ሰው የጎንደርን ሱቅ ደጃፍ አይረግጥም። የደባርቅ ባለ ሱቆችም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከአዲ አርቃይ ወደ እናንተ የሚመጣው ደንበኛ የሚሳፈረው በእንዲህ ያለው መኪና ነው፤ የሚባለውም «አንተ» ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ብዙ ቀን አይተናል። መንገድ በተከፈተ ማግሥት ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ያን ጊዜ ወንበር አጥቶ በመንገድ ዳር ሁለት ሌሊት የሚያድር ማን እንደ ሆነ ልነግራችሁ አይገባኝም።

የአውቶቡስ ወንበር የነጋዴን ሚዛን እንዴት እንደሚነካ ከውጭ አገር ታሪክ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ከአውቶቡሱ ኋላ እንዲቀመጡ፣ የነጮች ወንበር ሲሞላም እንዲነሡ ሕግ ያስገድዳቸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ሮዛ ፓርክስ የምትባል ልብስ ሰፊ አልነሣም ብላ በመታሰሯ ጥቁሮች በአውቶቡስ መሳፈር አቆሙ፤ በእግራቸውም ሆነ በሰው መኪና እየሄዱ 381 ቀን ጸኑ። ከአውቶቡሱ ደንበኛ ትልቁ ክፍል እነሱ ስለ ነበሩ ኩባንያው ተጎዳ። ይህ ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን በመሐል ከተማ ያሉ ባለ ሱቆችም መጎዳታቸውን ነው፤ በአውቶቡስ የሚመጣው ገዢ ሲቀር ሱቁ ባዶውን ዋለ፤ ስለዚህም የከተማው ነጋዴዎች በማኅበራቸው በኩል ለማስታረቅ ተነሡ። በዚያ አገር የነበረው በሕግ የተጻፈ የዘር ልዩነት ስለ ሆነ ከእኛው ጋር አንድ ነው አልልም። የእኛው በሕግ አልተጻፈም፤ ሕጋችንማ ተቃራኒውን ይላል። የነጋዴዎቹ ኪሳራ ግን ያው ነው፤ እነሱ ኪሳራውን ያዩት ገዢው በአንድ ቀን ተነሥቶ ስለ ቀረባቸው ነው፤ የእኛ ገዢ የሚቀረው አንድ በአንድ ስለ ሆነ አናየውም።

በአገራችንም ቢሆን የመሳፈሪያ ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ ማቆማቸውን፣ አውቶቡሶችም በድንጋይ መደብደባቸውን፣ ከዚያ በኋላ የመጣውንም የሚያስታውስ ገና በመካከላችን አለ።

ለባለ መኪናውና ለረዳቱም ፍርድ ማጓደል አይገባም። ነዳጅ በማደያ ሲጠፋ በጀሪካን በእጥፍ ይገዛል፤ ጎማና መለዋወጫ ከውጭ ምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ለተራ የሚከፈለው፣ ለቅጣት የሚከፈለው፣ ሳይጻፍ የሚከፈለውም አለ። ባለ መኪናው «በታሪፍ ብቻ ብሠራ መኪናዬ ይቆማል» ሲል ከሞላ ጎደል እውነቱን ነው። ረዳቱም ቢሆን የገበሬ ልጅ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት እሱ ራሱ በዚያው ሳንቃ ላይ ተቀምጦ የመጣ ይሆናል። «አንተ» ማለትን የተማረው ሲባል ሰምቶ ነው። ተሳፋሪውም ንጹሕ አይደለም፤ ዱላውን በሰው ዓይን ትይዩ የሚያጋድም፣ የቅቤ ቅሉን ሳይከድን የሚያስቀምጥ፣ በሰው ጫማ ላይ የሚተፋ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ውስጥ ግን ለእኔ ካርቶኖች ዋጋ ያለመጠየቁን፣ የሽማግሌውም ሽንኩርት ዋጋ እንደ ሰው መቆጠሩን የሚያስረዳ አንድም ምክንያት አላገኘሁም። ነዳጅ ከተወደደ ለባትሪ ድንጋይም ተወዷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የወንበሩን ነገር በደንብ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጠራ አዋጅ አይወጣበትም። የጭነቱ ነገር ግን ይቻላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ፣ ለገዢም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። በሱቃችን ዋጋ ያልለጠፍን እንደ ሆነ ተቆጣጣሪ ሲመጣብን እናውቃለን። የጆንያ ማጓጓዣም አገልግሎት ነው። ምክር ቤታችን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በኩል የጆንያና የካርቶን ዋጋ በኪሎ ተወስኖ፣ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ከታሪፉ አጠገብ እንዲሰቀል፣ ስለ ጭነትም ቁራጭ ደረሰኝ እንዲቆረጥ ቢጠይቅ በሥልጣኑ ውስጥ ያለ ሥራ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከልጁ ያስነብባል፤ በደጋውም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ይህን ከመጠየቃችን በፊት ግን እኛ ራሳችን የምንተወው ነገር አለ። የሱቅ ዕቃችንን ሰው በሚቀመጥበት መካከል መጫን፣ በነጻም ማስጫን ይቅርብን። የጭነት መኪና የምንከራየው ከስንት ካርቶን በላይ ሲሆን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያ በታች ያለውን በሕዝብ ጉልበት ላይ እየደረደርን «የትራንስፖርት ወጪ ቆጠብሁ» የምንል ብዙ ነን። ቆጥበን አይደለም፤ ወጪውን ለባለ ሽንኩርቱ አስከፍለን ነው።

ይህን ጽሑፍ ከጀመርሁ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ደባርቅ ወጥቼ ነበር። አሁንም አንድ ካርቶን ይዤ ነበር፤ አሁንም ጋቢናው ተከፈተልኝ። ከኋላ እገባለሁ አልሁ፤ በዚያ ቀን ፊት የተቀመጠ ሌላ ስላልነበረ አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጡም መቀነታቸውን ሁለት ጊዜ አጠበቁ። እኔ ከሁለት ወጣቶች መካከል ተጣበብሁ፤ መስኮቱም እንደ ተለመደው ተዘጋብኝ። ዳባት ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የራሴን ከሰጠሁ በኋላ የካርቶኑን ጨምሬ ዘረጋሁለት፤ ከጣራው ላይ ያለው ጆንያ በተከፈለበት ሒሳብ አድርጌ። ገንዘቡን ሳይቀበል ቆየ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዞር ብለው አዩን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ተቀየሙኝ እንዴ?» አለኝ።